ይውረድ ሳልል የወረደ ጎርፍ

በደሉ ይህ ነው። ጎረቤቴ እኔ «ይውረድ» ሳልል የላይኛውን ቦይ ከፈተ። ጎርፉ የሃያ ዓመት አፈሬን ጠርጎ ወንዝ ከተተው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ስለ እጁ ጠየቁ፣ ስለ ዓይኔ ጠየቁ፣ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሰደበ ሳይቀር ጠየቁ። አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ የከፈተው የሚለውን ግን አንዳቸውም አልጠየቁም። «ታረቁ» ብለው ሽርጣቸውን አራግፈው ተነሡ።

የልጅ ልጆቼ «እማ፣ አሁንማ አለፈ እኮ» ይሉኝ ነበር። ያለፈው ጎርፉ ነው። ጥያቄው አላለፈም ነበር።

እጁን የሰበርሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። በዶማ እጀታ ነው የሰበርሁት። ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ፤ የደረቀ የብርቱካን ቅርንጫፍ በጉልበት ሲሰብሩት እንደሚጮኸው ነው። ይህንንም አብሬ የምጽፈው የሰውን አውጥቼ የራሴን እንዳልደብቅ ነው። የተማርሁት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው። የሆነውን በሆነበት ተራ ለማስቀመጥ ግን ይበቃል።

ደጋ ያለ ሰው ክረምት ሲል ብርድ ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ፣ መርሳ ከተማ፣ ክረምት አይበርድም። ሐምሌ ውስጥ እንኳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ትወጣና ጀርባ ታቃጥላለች። ክረምት እኛን የሚገጥመን በውሃ ነው። ዝናቡ እኛ ላይ ሳይጥል ተራራው ላይ ይጥላል። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ጎርፉ ከላይ እያጓራ ይመጣል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ ጓሮዬን የማዘጋጀው ገጀራና ዶማ ስዬ ነው።

መጀመሪያ ፍልፈል ይገደላል። ፍልፈል በበጋ ውስጥ ለውስጥ የቆፈረው መንገድ ክረምት ሲገባ ለጎርፍ በር ይሆናል፤ ውሃው ገብቶ መደቡን ከሥር ይንደዋል። በአንዱ አፍ የፍግ ጭስ አስገባለሁ፤ ጭሱ ላይ በርበሬ እነሰንሳለሁ፤ በሌላው አፍ ዶማዬን ይዤ ቁጭ እላለሁ። ሲወጣ አንድ ጊዜ ነው የምመታው፣ ጭንቅላቱን። አንድ ጊዜ መትቶ የማይገድል ሰው አውሬውን ያሠቃየዋል፤ ያን አልወድም።

ቀጥሎ ሙዙ ነው። ያፈራው ግንድ በገጀራ ይወድቃል። ሲቆረጥ ውሃው ፊት ላይ ይረጫል፤ ልብስ ላይ ካረፈ ጠቁሮ ይቀራል፣ አይለቅም። ከዚያ ወንድ ፓፓያ። ወንድ ፓፓያ አበባውን አንዠርግጎ ይቆማል እንጂ አያፈራም፤ ከአምስቱ አንዱን ትቼ አራቱን ከወገባቸው እቆርጣቸዋለሁ። አላፊ አግዳሚው አጥሩ አጠገብ ቆሞ ያየኛል።

«ኧረ አንቱ፣ ወንድ ላይ ምነው እንዲህ ጨከኑ?»

«የማያፈራው ላይ ነው።»

«እኔም ገና አላገባሁም። ልሽሽ እንግዲህ!»

በመጨረሻ አጥሩ። አጥሬ ቅንጭብ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ካልተቆረጠ ውሃ ጠጥቶ ይከብድና ይወድቃል፣ ወድቆም ቦዩን ይዘጋል። ቅንጭብ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይተፋል። ያ ወተት ዓይን ከገባ ያሳውራል። ስለዚህ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ፣ ለነፋሱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቆርጠው። ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ከሆነ አልቆርጥም። ይህን መርሳ ያደገ ሕፃን ያውቀዋል።

ጓሮዬ ድሮ ድንጋይ ነበር። ባለቤቴ ሲሞት ልጆቼ «ከእኛ ጋር ኑሪ» አሉኝ፣ አንዱ ወልድያ፣ አንዷ ሐራ። ከሰው እጅ አልበላም አልሁ። ድንጋዩን ለቅሜ በታች በኩል ካብ አደረግሁት። በገበያ ቀን ከከብት ተራ ፍግ በእንቅብ እየተሸከምሁ፣ አመድ እየጨመርሁ፣ ቅጠል እያበሰበስሁ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አፈር ሠራሁ። እጅ ሲሰድዱበት እስከ ክርን የሚገባ አፈር። ቡና፣ ቃሪያ፣ ስኳር ድንች፣ ብርቱካን፣ ጎመን አበቀለልኝ። ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ የቤቴ ቆርቆሮ ተበሳ፣ በሩ ተሰብሮ የነበረው ሁሉ ተወሰደ። አፈሩን ግን የነካው የለም። ያን ዓመትም የበላሁት ከእሱ ነው። ይህ አፈር ከሄደ የሰው እጅ አያለሁ ማለት ነው።

ቦዩ እንዲህ ነው። ከተራራው የሚወርደው ውሃ አስፋልቱን ሥር ለሥር አልፎ በእኛ በኩል ይመጣል። መጀመሪያ ከእኔ በላይ ያለውን ግቢ ያገኛል፣ ከዚያ የእኔን፣ ከዚያ ወንዙን። በበጋ ቦዩ ደለል ይሞላል። ከላይ አፉ ላይ በአፈር ክትር ይዘጋል፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ሣር ይበቅልበታል። ሰኔ ሲመጣ ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠረገው። የታችኛው ሰው ከወንዙ ጀምሮ እየቆፈረ ይወጣል። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ «ይውረድ!» ይላል። ያን ጊዜ የላይኛው ክትሩን ያፈርሳል። ታች መንገዱ ሳይጠረግ ላይ ከተከፈተ ጎርፉ መሄጃ አጥቶ የታችኛውን ጓሮ ይበላዋል። ይህን ያሳየችኝ የባለቤቴ እናት ነበረች። እሷም ስትጮህ አስፋልት ማዶ ይሰማ ነበር።

የላይኛውን ቤት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ገዛው። ከየት እንደመጣ አልጽፍም፤ አገሩ አልበደለኝም። ወጣት ነው፣ ሚስቱም ልጅ ናት። እኛ «አንቱ» የምንለውን እሱ «እርስዎ» ይላል። በመጣ በመጀመሪያው ሰኔ አጥሩ ሥር ጠራሁት።

«የቦይ ነገር ነግረውሃል?»

«ምንም የነገረኝ የለም፣ እማማ።»

አስረዳሁት። ክትሩን በዶማዬ ጫፍ አሳየሁት። «እኔ ይውረድ ሳልል ይህን ብትነካ፣ ወላሂ ቆዳህን እገፍፋለሁ» አልሁት። ሳቀ። «እርስዎ እስኪሉ ድረስ ውሃ አልጠጣም» አለ። ያን ዓመት ጠበቀ። ሁለተኛውንም ዓመት ጠበቀ፤ እንዲያውም እኔ ጠርጌ ስወጣ ዶማውን ይዞ ቆሞ አገኘሁት።

በሦስተኛው ዓመት ሚስቱ ወለደች። እሱም ከቤቱ ኋላ በኩል ሌላ ክፍል ጨመረ፣ የጭቃ።

ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ዙሁር ሰግጄ ወደ ቦዩ ገባሁ። ግማሹን ጠርጌ ነበር፤ ሌላው ግማሽ ደለል እንደሞላ ነው። እኛ ላይ ደመና የለም። ተራራው በኩል ግን ሰማዩ እንደ ከሰል ሆኗል። «ቶሎ በይ» እያልሁ ለራሴ እቆፍራለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። ቀና ስል ውሃው አጥሩን አልፏል።

ጉልበቴን መትቶ ጣለኝ። ዶማዬን አልለቀቅሁም። ሁለት ጊዜ ገለበጠኝ፤ አፌ በጭቃ ተሞላ፤ ጓሮዬ ጥግ የቆመው የማንጎ ግንድ ደረቴን ሲመታኝ ጊዜ ተጠመጠምሁበት። እዚያ ተጠምጥሜ ነው ያየሁት። ቦዩ ደለል ስለነበረበት ውሃው ለሁለት ተሰንጥቆ መደቦቹ ላይ ወጣ። ቃሪያው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ስኳር ድንቹ ከነሐረጉ ተጠቅልሎ እንደ ምንጣፍ ሄደ። ካቤ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ሆዱን ተነፋና ፈነዳ። ካቡ ሲፈነዳ አፈሩ ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ጥቁር ነበር። ወንዙ ለጥቂት ጊዜ የእኔን አፈር መልክ ይዞ ሲሄድ አየሁት። የቡናዎቹ ሥር እንደ ታረደ በግ አንጀት ተንጠለጠለ። ከሥራቸው የቀረው ያ የድሮው ድንጋይ ነው።

እኔም ዶማዬን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ።

ጎረቤቴ አጥራችን ላይ ቆሟል። ገጀራ ይዟል። ውሃው የገነጠለው ቅንጭብ ቦዩን ዘግቶበት ወደ ግቢው ስለመለሰው እየቆረጠ ያሳልፋል። በላዩ በኩል ክትሩ የለም። በውሃ የፈረሰ ክትር ጠርዙ የተበላ ይሆናል፤ የዚያ ጠርዝ በዶማ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ዓይኔ ያን ጊዜ ሁለቱም ደህና ነበሩ።

«ማን ከፈተው?»

«እማማ፣ ይረጋጉ…»

«ማን ከፈተው አልሁህ!»

«ጎርፉ ነው የከፈተው።»

«ጎርፉ ዶማ ከየት አመጣ? ከአንተ ተዋሰ?»

ቀረብሁ። «ወደዚህ አይምጡ!» ብሎ በመካከላችን የተጋደመውን የቅንጭብ ግንድ በገጀራው መታው። እኔ ላይ ነው የሰነዘረው አልልም፤ ግንዱን ነው የመታው። ነገር ግን ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ወተቱ ተረጨ። ሁለት ዓይኔ ውስጥ ገባ።

እሳት ማለት ያ ነው። ዓለም ነጭ ሆነችና ከዚያ ቀላች። ምንም አላይም። ድምፁን ግን እሰማለሁ፤ «ዓይንዎን! ዓይንዎን አይሹት!» ይላል። ዶማውን ገልብጬ፣ በእጀታው በኩል፣ ድምፁ ወደመጣበት በሙሉ ኃይሌ መታሁ። ሊከላከል እጁን አንሥቶ ኖሯል። አጥንቱ ጮኸ። እሱም ጮኸ። በደህና እጁ ገፈተረኝ፤ ቦዩ ውስጥ ወደቅሁ፤ እግሩ ፊቴ ጋ ነበርና ነከስሁት። ከፊት ጥርሶቼ አንዷ ከእግሩ ጋር ቀረች።

ሰው ግቢውን ሞላው። አንዱ «ውሃ!» ይላል። ሌላዋ «ውሃ ያባብሰዋል! የጡት ወተት! የምታጠባ ሴት ጥሩ!» ትላለች። እኛ አገር ቅንጭብ ዓይን ከገባ መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምታጠባው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

የእሱ ሚስት።

ባሏ እጁን ታቅፎ መሬት ላይ ይንፈራገጣል። ሴቶቹ ይጮኹባታል። «አንቺ ልጅ! የሱ አጥንት ነው፤ ይደርሳል። እሷ መታወሯ ነው!»

መጣች። ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስተኛችው። የሕፃን ሽታ ሸተተኝ።

«እማማ፣ ዓይንዎን ይክፈቱ።»

«ባልሽን እገድለዋለሁ።»

«ይግደሉት። መጀመሪያ ዓይንዎን ይክፈቱ።»

ከፈትሁ። ወተቷን እየጨመቀች አፈሰሰችልኝ። አንድ ዓይኔን ስትጨርስ ወደ ሌላው ዞረች፤ እኔም ባሏን መራገሜን አላቋረጥሁም። በኋላ ጤና ጣቢያ አጠቡልኝ። የቀኙ ዳነ። የግራው እንደ ተቀቀለ እንቁላል ሆኖ ቀረ፤ ብርሃንና ጨለማ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተቀመጡ። ሦስት ናቸው፤ የፊተኛው ሸህ ነው፣ ከባለቤቴ ጋር አብሮ ያረሰ። ጎረቤቴ እጁን ወጌሻ አስሮለት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። እኔ ዓይኔን በጨርቅ አስሬ መጣሁ። ሰው ሲያየን ሳቁን በነጠላ ሸፈነ።

ሸሁ «እንግዲህ» አለ፣ «አንድ እጅ ሄደ፣ አንድ ዓይን ሄደ። ከዚህ ቤት ደግሞ ወተት ወጥቶ እዚያኛው ቤት ገብቷል። አንቱ ሴት፣ ከእንግዲህ ከዚህች ልጅ ጡት የጠጡ ናቸው። በጡት እናት ባል ላይ ነገር አይነሣም።»

ሁሉም ሳቁ። ሁለተኛው ሽማግሌ «ልጅ ሆነው መቅረትዎ ነው! እዘያቸው እንጂ አንቺ!» አላት ሚስቲቱን።

«ጥያቄ አለኝ» አልሁ።

«ይበሉ።»

«አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ የከፈተው?»

«ይተዉት አንቱ። ወተት ገባበት እኮ አልን።»

«ወተቱ የገባው ዓይኔ ውስጥ ነው። ቦዩ ውስጥ አልገባም።»

እንደገና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጎረቤቴን በአንድ ዓይኔ አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ሸሁ ዱዓ አደረገ። «አሚን» ተባለ፣ ግቢው ሁሉ አለ። እኔ አላልሁም።

«አሚን ይበሉ እንጂ!»

«ጥያቄዬ ሲመለስ እላለሁ።»

«ይህች ሴት ቀብሯ ላይም ተነሥታ ትከራከራለች» አለ ሦስተኛው፣ ሰማሁት። እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከጎርፉ ይከፋል። ካቡን በአንድ ዓይን መልሼ ሠራሁ። ድንጋይ ያለበት ቦታ ይመስለኝና እጄን ስሰድ አየር ይሆናል፤ ጣቶቼን ስንት ጊዜ ቀጠቀጥሁ። ፍግ እንደገና በእንቅብ። ልጄ ከሐራ መጥታ «እማ፣ በቃሽ» ብላ አለቀሰች። አባረርኋት፤ እህል ይዛ መጥታ ነበር፣ እህሉንም አብሬ። ሰኔ ሲመጣ ፍልፈል ልገድል ተቀመጥሁ። ሲወጣ ሳትሁት፣ ወገቡን ሰበርሁት። እየተሳበ ሲሄድ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ መታሁት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ቦዩ ደግሞ አለ። የጎረቤቴ እጅ ተጣሞ ገጠመ። ጭብጥ አይልም፤ ዶማ አያነሣም። የላይኛውን ቦይ ማን ይጥረገው?

ይህን ብዙ አሰብሁበት። አውቆ ከፍቶት ከሆነ አፈሬን ወስዷል፣ እጁን ወስጃለሁ፣ እርም አይሆንብኝም። ሳያውቅ፣ ደንግጦ፣ ተሳስቶ ከሆነ ግን የሰበርሁት የንጹሕ ሰው እጅ ነው። የንጹሕ ሰው እጅ የሰበረ ሰው የእጁን ሥራ ይሠራል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እስኪነግረኝ ድረስ እቆፍራለሁ አልሁ።

ከወንዙ ጀምሬ የራሴን ጠርጌ ወጣሁ። አጥሩን ተሻግሬ የእሱ ግቢ ገባሁ። አንድ የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ኖሮ ሰውዬው ዶማ ይዞ ቆሟል።

«ሂድ ከዚህ!»

«ተቀጥሬ ነው እኮ፣ እማ።»

«የሰበርሁት እኔ፣ የምቆፍረው እኔ! ሂድ፣ ያንተንም ሳልሰብረው!»

ዶማውን ጥሎ ሄደ። እኔ ቆፈርሁ። አንዴ በቆፈርሁ ቁጥር አንድ እርግማን አወጣለሁ፦ አፈር ያስበላህ፣ ጎርፍ ይውሰድህ፣ ደጅህ ይድረቅ። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያያል።

«አንቱ፣ እየተራገሙ ነው የሚቆፍሩለት?»

«ለእጁ ነው የምቆፍረው። የምራገመው አፉን ነው።»

ጎረቤቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብዬ «አውቀህ ነው?» እለዋለሁ። ተነሥቶ ቤት ይገባል። ሲወጣ ደግሜ እጠይቀዋለሁ። ሚስቱ ውሃ ታመጣልኛለች፤ ከእሷ እጅ እጠጣለሁ። አንድ ቀን በሹክሹክታ «እማማ፣ እኔም ጠይቄዋለሁ» አለችኝ። «ምን አለሽ?» አልኋት። «ሕፃኗን ይዞ ወጣ» አለችኝ።

ሁለት ሰኔ እንዲህ አለፈ።

ዘንድሮ ሦስተኛው ነው። ጠዋት ነው፣ ሰማዩ ንጹሕ ነው። የራሴን ጨርሼ የእሱን ይዣለሁ። ሚስቱ ልጅቷን አዝላ ገበያ ሄዳለች። እሱ ደጃፉ ላይ ነው። ፀሐይዋ ከግራ በኩል ትመጣለችና የግራ ዓይኔ ብርሃን ብቻ ሞላው። ዶማውን አነሣሁ። ሥር ነው ብዬ የመታሁት ሥር አልነበረም። የገዛ እግሬ ነበር።

ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ገብቶ አጥንት ላይ ሲቆም ተሰማኝ። ደሙ ጫማዬን ሞልቶ ፈሰሰ። አልጮኽሁም። ዶማውን ነቅዬ እንደገና አነሣሁ፤ የቀረኝ ሦስት ክንድ ያህል ነበር።

እየሮጠ መጣ። ዶማውን በደህና እጁ ያዘ።

«ይልቀቁ!»

«ልቀቅ አንተ!»

«ደም እየፈሰሰዎት ነው!»

«ደሙ የእኔ ነው። ልቀቅ!»

ተጓተትን። እሱ አንድ እጅ አለው፣ እኔ አንድ እግር። ሁለታችንም ወደቅን። ሸሚዙን አወለቀ፤ በአንድ እጁና በጥርሱ እየጎተተ እግሬን አሠረልኝ፤ እጁ እስከ ክርኑ በደሜ ቀላ። እኔ በቡጢ ትከሻውን፣ ጆሮውን፣ ያገኘሁትን እመታለሁ። አይከላከልም። አሥሮ ሲጨርስ ዶማዬን አንሥቶ ከግቢው ውጭ ወረወረው።

«በቃ! ለእኔ አይቆፍሩም! ሁለተኛ እዚህ ግቢ ዶማ ይዘው አይገቡም!»

«እጅህን ሰብሬያለሁ። እቆፍራለሁ።»

«አይቆፍሩም! የለብዎትም!»

አንገቱን ያዝሁት። «እንዴት የለብኝም? የንጹሕ ሰው እጅ ሰብሬ እንዴት የለብኝም?»

«የለብዎትም አልሁ!»

«በምን? ንገረኝ! በምን የለብኝም?»

ፊቱ ከፊቴ በአንድ ስንዝር ርቀት ነው። በቀኝ ዓይኔ አየሁት። እኔ የመታሁት ጆሮው ይደማል።

«አውቄ ስለሆነ ነዋ!» አለ። «ውሃው ደጃፌ ደርሶ ነበር። እርስዎን ከታች እሰማዎት ነበር። ቦዩ ውስጥ ሆነው እየቆፈሩ መንዙማ ያንጎራጉሩ ነበር። እንዳልጨረሱ አውቅ ነበር። ውስጡ እንዳሉም አውቅ ነበር። የእርስዎ ይሂድ ብዬ ከፈትሁት።»